ሐሳብ ስንት ዋት ይፈጃል?

የተሰጠኝ ርዕስ «በሐሳብ የሚታዘዝ ሰው ሠራሽ እጅ» የሚል ነው። ርዕሱን ተቀብያለሁ፤ በፈቃዳችሁ ግን ትንሽ ላጥብበው። ስለዚህ እጅ የሚወራው አብዛኛው ወሬ «የሰውን ሐሳብ ማንበብ ይቻላል ወይ?» በሚለው ዙሪያ ይሽከረከራል። እጅን ለማንቀሳቀስ በሚበቃ መጠን መቻሉ ከታወቀ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ታዲያ እጁ እስካሁን ለምን ከላቦራቶሪ አልወጣም? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ አስሮ ከያዘው ነገር ዋናው የኤሌክትሪክ ፍጆታው ነው፤ መፍቻውም ትልቅ ባትሪ ሳይሆን፣ ከአንጎል የሚመጣውን አብዛኛውን ወሬ ላለመስማት መወሰን ነው። ይህን በማስረጃ ላሳያችሁ፣ ከዚያም የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች አንድ በአንድ ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ከፊታችሁ ያለውን የውሃ ጠርሙስ ለማንሳት ስትፈልጉ፣ ከጆሯችሁ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ እንቅስቃሴን የሚያዙ የነርቭ ሕዋሳት መተኮስ ይጀምራሉ። ትእዛዙ በኅብለ ሠረሠር ወርዶ ወደ ክንድ ይደርሳል። አንገቱ ላይ በደረሰ አደጋ ኅብለ ሠረሠሩ የተጎዳ ሰው ወይም በስትሮክ ሰውነቱ የተያዘ ሰው ይህ መንገድ ተቋርጦበታል እንጂ ትእዛዝ ሰጪው ብዙ ጊዜ በቦታው አለ፤ ተቀባይ አጥቶ ዛሬም ያዝዛል። አሜሪካዊው ኤበርሃርድ ፌትዝ በ1969 አንዲት የዝንጀሮ ነርቭ ሕዋስ የምትተኩስበትን ፍጥነት ከመለኪያ ጋር አያይዞ፣ እንስሳዋ ሽልማት ለማግኘት ስትል ያንን ፍጥነት ሆን ብላ መጨመር እንደምትችል አሳየ። በ1980ዎቹ ደግሞ አፖስቶሎስ ጆርጎፑሎስና ባልደረቦቹ እያንዳንዱ ሕዋስ የሚወደው አቅጣጫ እንዳለው አረጋገጡ፤ አንዱ እጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ ይበረታል፣ ሌላው ወደ ላይ ሲሄድ። የአንዱ ሕዋስ ቃል ብቻውን አያስተማምንም። የብዙዎቹ ድምፅ ሲደመር ግን እጁ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ ይታወቃል። ይህን «የብዙዎቹ ድምፅ» የሚለውን ሐሳብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሕዋሳቱን ለመስማት በብዛት ያገለገለው መሣሪያ በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ጎኑ 4 ሚሊሜትር የሆነ የሲሊከን ቁራጭ ነው። ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ያንሳል። አንድ ገጹ ላይ እንደ ጃርት ጀርባ የቆሙ፣ አንድ ሚሊሜትር አካባቢ የሚረዝሙ 100 መርፌዎች አሉት። በ2004 እጅና እግሩ የማይታዘዝለት አንድ ወጣት ይህን መሣሪያ አንጎሉ ላይ አስተክሎ የኮምፒውተር ጠቋሚ በሐሳቡ አንቀሳቀሰ፤ ጥናቱ በ2006 ታተመ። በ2011 ደግሞ በስትሮክ ሳቢያ ለ15 ዓመት ያህል እጇን ያላዘዘች ሴት በሮቦት ክንድ የቡና ጠርሙስ አንስታ፣ ወደ አፏ አቅርባ፣ በመምጠጫ ጠጣች። ከስድስት ሙከራ አራቱ ተሳክቶላታል። የጥናቱን ቪዲዮ ያያችሁ ካላችሁ፣ ጠርሙሱ ወደ ቦታው ሲመለስ ፊቷ ላይ የሚነበበውን ፈገግታ አትረሱትም።

ያንኑ ቪዲዮ ሌላ ጊዜ ስታዩት ግን ዓይናችሁን ከጠርሙሱ ላይ አንሡና ጭንቅላቷን ተመልከቱ። ከራስ ቅሏ ላይ አንድ መሰኪያ ወጥቷል፣ ከመሰኪያው ወፍራም ገመድ፣ ከገመዱ ማዶ ደግሞ የመሣሪያና የኮምፒውተር ክምር፣ ከክምሩ አጠገብ ባለሙያዎች። ቆዳን በስቶ የሚወጣ ነገር ለኢንፌክሽን የተከፈተ በር ነው። ገመድ ያለበት ሰው ሌላ ሰው ጠርቶ ካላሰካ እጁን አያገኝም፣ ሲወጣም ነቅሎት ይወጣል። በ2021 የዚሁ ጥናት ተመራማሪዎች ገመዱን አስቀርተው ያለ ገመድ የሚያስተላልፍ፣ 40 ግራም ገደማ የሚመዝን መሣሪያ ሁለት ሰዎች ቤታቸው ሆነው እንዲጠቀሙበት አድርገዋል። ትልቅ እርምጃ ነው፤ አስተላላፊው ግን አሁንም ጭንቅላት ላይ ከወጣው መሰኪያ ጋር የሚገጠም የውጭ ዕቃ ነው። ታዲያ ነገሩን ሁሉ አሳንሶ ከቆዳ ሥር መቅበር ለምን አልተቻለም?

እዚህ ላይ ሒሳብ እንሥራ። አንድ የነርቭ ሕዋስ ሲተኩስ የሚፈጥረው ምት አንድ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ይቆያል። መጠኑም ከአንድ ቮልት አሥር ሺህኛ ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው። የምቱን ቅርጽ በደንብ ለመያዝ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ መርፌ በሰከንድ 30,000 ጊዜ ይለካል። ከ100ዎቹ መርፌዎች ለመቅጃ የሚውሉት 96 ናቸው፤ ስለዚህ በሰከንድ 2,880,000 ልኬት ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት ቢጻፍ በሰከንድ ከ46 ሚሊዮን ቢት በላይ ይሆናል። ስልካችሁ ላይ ጥራት ያለው ቪዲዮ ስታዩ ከሚወርደው ብዙ እጥፍ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ማጉላት፣ ወደ ቁጥር መለወጥ፣ በሬዲዮ ማስተላለፍ፣ እያንዳንዱ ኃይል ይበላል፤ የተበላው ኃይል ደግሞ መጨረሻው ሙቀት ነው። ስልካችሁ ረጅም ቪዲዮ ሲያጫውት ጀርባው እንደሚግል ታውቃላችሁ። ኪሳችሁ ውስጥ ቢግል ታወጡታላችሁ፤ አንጎል ላይ የተቀበረውን ማን ያወጣዋል? በዘርፉ ተቀባይነት ያለው መመዘኛ የተተከለ መሣሪያ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ከ1 ወይም ከ2 ዲግሪ በላይ ማሞቅ የለበትም ይላል። መላው አንጎላችን የሚሠራው በ20 ዋት ገደማ ነው፤ ጎኑ ላይ ተቀምጦ የሚያዳምጠው እንግዳ ደግሞ ያለው በጀት በሚሊዋት የሚቆጠር ነው።

በሰውነት ውስጥ ባትሪ መቅበር አዲስ ነገር አይደለም የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የልብ ምት መቆጣጠሪያውን እንውሰድ። በ1958 ስዊድን ውስጥ መጀመሪያ የተተከለው መሣሪያ የሠራው ለሰዓታት ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ አሥር ዓመት ያህል ይቆያሉ። ባትሪውም ተሻሽሏል፤ ነገር ግን አሥር ዓመት ያስቆየው ዋናው ነገር መሣሪያው በማይክሮዋት፣ ማለትም በሚሊዮንኛ ዋት እየተቆጠረ የሚኖር መሆኑ ነው። ከልብ የሚፈልገው «መታ ወይስ አልመታም?» የሚለውን ብቻ ነው። የአንጎሉ መሣሪያ ግን እያንዳንዷን ምት ከነቅርጿ ልያዝ ብሎ የተነሣ ነው። ለመሆኑ ቅርጿ ያስፈልጋል?

ወደ ዋናው ነጥቤ ደርሻለሁ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሲንቲያ ቼስቴክ ቡድን በ2020 ያሳተመው ሥራ ይህንኑ ጠየቀ፤ መልሱም «ብዙም አያስፈልግም» የሚል ሆነ። በምሳሌ ላስረዳ። ከግንብ ማዶ ሰርግ አለ እንበል። የእልልታው ድምፅ ይሰማችኋል። አንዱ አድማጭ ወረቀትና እርሳስ ይዞ «ይህቺ የእማማ እገሊት ናት፣ ይህቺ የጎረቤቲቱ ልጅ ናት» እያለ እያንዳንዱን እልልታ በባለቤቱ ስም ለመመዝገብ ይታገላል። ሌላው ደግሞ እልልታው ከየትኛው ማዕዘን እንደበረታ ብቻ ይከታተላል። ሙሽራዋ በየትኛው በር እንደገባች ለማወቅ ሁለተኛው አድማጭ ይበቃል፤ ድካሙም የመጀመሪያው አድማጭ ሩብ አይሆንም። የሚሺጋኖቹ ሁለተኛውን አድማጭ ሆኑ። ከሲግናሉ ውስጥ በ300 እና በ1,000 ኸርዝ መካከል ያለውን ክፍል ብቻ አስቀርተው፣ በሰከንድ በ2,000 ልኬት ወስደው፣ የየመርፌውን ብርታት ብቻ በአማካይ ያዙ። የዚህ ክፍል ጥንካሬ በአብዛኛው የሚመጣው ከመርፌው ጫፍ አጠገብ ካሉ ጥቂት ሕዋሳት ስለሆነ፣ ማዕዘኑ ከማዕዘን አይደባለቅም። ቁጥሩን ከቅድሙ ጋር አስተያዩት፦ ለምሳሌ በየ50 ሚሊሰከንዱ ከየመርፌው አንድ አማካይ ብትልኩ፣ ከ96 መርፌ በሰከንድ 1,920 ቁጥር ብቻ ይወጣል። ከ2,880,000 ወደ 1,920። ቡድኑ በዚህ መንገድ የመሣሪያውን የኃይል ፍጆታ እስከ 90 በመቶ መቀነስ እንደሚቻል አስልቷል፤ ሙከራ የተደረገባቸውን ዝንጀሮዎች የጣት እንቅስቃሴ በመተንበይ ረገድም ከተለመደው ምት ቆጠራ የማያንስ፣ እንዲያውም የሚበልጥ ውጤት አግኝቷል።

ለኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪዎች አንድ ነገር ልጨምር፤ ሌሎቻችሁ ለአንድ ደቂቃ ታገሡኝ። ብዙ ሰው ቁጠባውን ከሬዲዮው ላይ ብቻ ያየዋል። ሌላው ቁጠባ ማጉያው ላይ ነው። የማጉያን የውስጥ ጫጫታ በግማሽ ለመቀነስ ከፈለጋችሁ የምትሰጡትን ከረንት አራት እጥፍ ማድረግ አለባችሁ። ፊዚክሱ ነው፣ በብልሃት አይታለፍም። እያንዳንዷን ምት ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው በጣም ጸጥ ያለ ማጉያ ይሻል፣ ስለዚህም ውድ ዋጋ ይከፍላል። ብርታትን በአማካይ ለሚይዝ ግን ትንሽ ጫጫታ አይጎዳውም፤ ጫጫታው ውስጥ ተደብቀው አንድ በአንድ ሊቆጠሩ የማይችሉ ትናንሽ ምቶች እንኳ በድምሩ ላይ አሻራቸውን ይተዋሉ። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ስታቃልሉ ርካሽ ማጉያ ይበቃችኋል። ዲዛይን ላይ ስትቀመጡ ከቺፑ በፊት ጥያቄውን መርምሩ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ። የመጀመሪያው «መረጃ ጥላችሁ እንዴት የተሻለ ታገኛላችሁ?» የሚለው ነው። ከባድ ጥያቄ ነው። እብቅን መጣል ማንም ይችላል፤ እዚህ ግን ከተጣለው ውስጥ ፍሬም አለበት፣ ይህን አልክድም። የአንጎል ተመራማሪ ሕዋሳት እርስ በርስ እንዴት እንደሚነጋገሩ ለማጥናት የምቱ ቅርጽ ያስፈልገዋል፤ ለእርሱ ቅርጹ አይጣል። እጅ ለማንቀሳቀስ ለሚፈልግ ሰው ግን የሚያስፈልገው ጆርጎፑሎስ ያሳየው የብዙዎች ድምፅ ነው፤ ለዚያም የየመራጩ ስም አያስፈልግም። ከሌላ አቅጣጫ የመጣ ማስረጃም አለ። ኒውራሊንክ የተባለው ኩባንያ በጥር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተከለው መሣሪያ በ64 ቀጫጭን ክሮች ላይ 1,024 ኤሌክትሮዶች ነበሩት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት የተወሰኑት ክሮች ከአንጎሉ እየተንሸራተቱ ወጡና የሚሠሩት ኤሌክትሮዶች ቀነሱ፣ የሰውየውም የጠቋሚ ቁጥጥር ተዳከመ። ኩባንያው ራሱ እንዳሳወቀው፣ መፍትሔ የሆነው አልጎሪዝሙን ለሕዋሳቱ የጋራ ሲግናል ይበልጥ ንቁ እንዲሆን መለወጥ ነበር፤ ቁጥጥሩም ከቀድሞው በላይ ሆነ። ያ የኮምፒውተር ጠቋሚ እንጂ ሰው ሠራሽ እጅ አይደለም፤ ግን በመጥፎ ቀን የደረሰ ፈተና ስለሆነ ከታቀደ ሙከራ የበለጠ ያሳምነኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ቺፑ ሚሊዋት ቢቆጥብ ምን ዋጋ አለው? የእጁ ሞተሮች ዋት በዋት ይበሉ የለ?» ይላል። እውነት ነው፣ ሞተር ብዙ ይበላል። የሞተሩ ባትሪ ግን ውጭ ነው፤ ሲያልቅ ይቀየራል፣ ሲግል አየር ያቀዘቅዘዋል። በራስ ቅል ውስጥ ያለችው አንዲት ሚሊዋት እና ክንድ ላይ ያለችው አንዲት ሚሊዋት በስም እንጂ በዋጋ አንድ አይደሉም። «ቺፖች በየዓመቱ ይሻሻላሉ፣ እንጠብቅ» ለሚሉም አጭር መልስ አለኝ፦ ቺፕ በተሻሻለ ቁጥር ሰው የሚጨምረው የመርፌ ቁጥር ነው። ከ100 ወደ 1,000፣ ከዚያም ወደላይ። ቁጠባው በዚያው ይዋጣል፤ ደመወዝ ሲጨመር ኪራይ እንደሚጨመረው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ የሚከብደኝ ነው፤ በከፊል እሸነፍለታለሁም። «እጁ የተቆረጠ ሰው የራስ ቅሉ ለምን ይከፈታል? ቀሪ ክንዱ ላይ ጡንቻና ነርቭ አለው» ይላል። ልክ ነው። በጡንቻ ኤሌክትሪክ የሚታዘዙ ሰው ሠራሽ እጆች ለአሥርት ዓመታት አገልግለዋል። እዚያው ሚሺጋን ውስጥ የፖል ሴደርና ቡድን የተቆረጡ ነርቮችን ጫፍ በትናንሽ የጡንቻ ቁራጮች ጠቅልሎ፣ ጡንቻው የነርቩን ሹክሹክታ እንዲያጎላ አድርጓል፤ በ2020 በወጣው ውጤት መሠረት ተሳታፊዎቹ እስከ 300 ቀን ድረስ አልጎሪዝሙ እንደገና ሳይስተካከል እጁን አዝዘዋል። አንድ እጁን ላጣ ሰው እኔም የምመክረው ይህን መንገድ እንጂ አንጎሉን አይደለም። የአንጎሉ መንገድ ከአንገት በታች ምንም ለማይታዘዝለት ሰው ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር አስተውሉ። የተለመደው የጡንቻ እጅ ሲግናሉን እንዴት ያነብባል? የየጡንቻ ክሩን ምት አይቆጥርም፤ ጥንካሬውን ወስዶ በአማካይ ያለሰልሰዋል፣ ያ ብቻ ነው። ሚሺጋኖቹ አንጎል ላይ ያደረጉትም በመሠረቱ ይኸው ነው። ምርጡ የአንጎል ቴክኖሎጂ ከተናቀው የጡንቻ እጅ ብልሃት የተማረ ይመስላል፤ እኔን በግሌ ደስ የሚለኝ የታሪኩ ክፍል ይህ ነው።

አንድ ያልተፈታ ነገር አልደብቃችሁም። እጅ መታዘዝ ብቻ አይበቃውም፤ መዳሰስም አለበት። እንጀራ ቆርሶ ወጡን ጠቅልሎ የሚጎርስ እጅ የሚሠራውን አስቡት፦ አውራ ጣቱና ሁለቱ ጣቶች እንጀራው እንዳይቀደድ፣ ወጡም እንዳይፈስ ጉልበታቸውን በየቅጽበቱ ያስተካክላሉ፣ ዓይናችሁም አያያቸውም። በ2021 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሮቦቱ ጣቶች የሚመጣውን ንክኪ በኤሌክትሪክ አማካይነት ወደ ተጠቃሚው አንጎል መልሰው ሲልኩ፣ ዕቃ አንሥቶ የማስቀመጡ ሥራ ከ20 ሰከንድ ገደማ ወደ 10 ሰከንድ ወረደ። ነገር ግን ለአንጎል መናገር ከማዳመጥ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ሕዋሳትን ለመቀስቀስ ከረንት መላክ ግድ ነው። በማዳመጡ ላይ የተቆጠበው በጀት ለመናገሩ የሚተርፍ ሆኖ አየዋለሁ፤ ሁለቱም በአንድ ትንሽ በጀት መኖር አለባቸውና።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከዚህ አዳራሽ የሚነሣ ነው፤ አንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ ይነበበኛል። «በወጌሻ እጅ ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ክንድ ጋንግሪን ሆኖ የሚቆረጥበት ልጅ ባለበት አገር፣ ከፖሊፕሮፒሊን የሚሠራው ተራ ሰው ሠራሽ እግር እንኳ ለሁሉም ባልተዳረሰበት፣ ስለ አንጎል መርፌ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?» ገንዘቡ ወደዚያ ይሂድ ብትሉኝ አብሬያችሁ እቆማለሁ። አንድ ሙሉ የአንጎል ቀዶ ሕክምና የሚጠይቀው ወጪ ለስንት ሰው እግር እንደሚሠራ ለማወቅ ካልኩሌተር አያስፈልግም። የወጌሻውን ማሰሪያ በጊዜ ማላላት ከየትኛውም ቺፕ የበለጠ እጅ ያድናል። እኔ የማመጣላችሁ መርፌውን ሳይሆን ሒሳቡን ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ፣ ቻርጀር ፍለጋ ጎረቤት በሚኬድበት ገጠር፣ በቀን አንዴ የሚሞላ እጅና በሳምንት አንዴ የሚሞላ እጅ የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ክንድ ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ሁለት ኤሌክትሮዶች፣ በአንዲት ርካሽ ማይክሮኮንትሮለርና በትንሽ ባትሪ የሚሠራ የጡንቻ እጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በላቦራቶሪያቸው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው።

ለተማሪዎቹ የማቀርበው ሐሳብም ከዚሁ የተነሣ ነው። የጡንቻውን ሲግናል መጀመሪያ በሰከንድ 2,000 ጊዜ ለኩ፤ ከዚያ አማካዩን ብቻ ያዙና እጁ በትክክል የሚከፈትና የሚዘጋበትን ብዛት ቁጠሩ። ቀጥላችሁ ልኬቱን ወደ 1,000፣ ወደ 500 አውርዱና እንደገና ቁጠሩ። በየደረጃው ባትሪው ስንት ሰዓት እንደቆየ ከጎኑ ጻፉ። ስሕተቱ መብዛት የሚጀምርበትን መስመር ስታገኙ፣ ከመስመሩ በላይ ስታባክኑት የነበረውን ኃይል በሰዓት ታውቁታላችሁ። ውጤቱንም በተሃድሶ ማዕከል ለሚሠሩት ባለሙያዎች አሳዩዋቸው፤ ባትሪው በስንት ቀን ቢሞላ ሰው እጁን ሳጥን ውስጥ እንደማይከተው ከእናንተ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ፣ ከተሃድሶ ባለሙያዎቹ ብንጀምር ደስ ይለኛል።